ያልገጠመ ድንበር

«ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?»

«ውርጭ መታው። ስንዴው ይሻላል።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። እህል ሻጯ ከጆንያው አንድ እፍኝ ስንዴ ዘግና መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ከፍሬው መሃል ጥፍር የምታክል ሜሞሪ ካርድ ነበረች። መዳፉን ዘጋ። ሁለት ፍሬ ቆረጠመ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ «ኧረ ተወደደ!» ብሎ እንደ ማንኛውም ቆጥቋጣ ሸማች አለፈ።

ግራጫ ጃኬት።

ሰውየውን መጀመሪያ መናኸሪያው በር ላይ አይቶታል። አሁን ጨው ተራው ጥግ ቆሟል። ወረኢሉ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ አንድን ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ማየት ብርቅ አይሆንም። ሦስተኛ ጊዜ ሲያየው ግን ወደ ከብት ተራው ታጠፈ።

አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ይታወሳል። ሰንጋ በሚነዱ ነጋዴዎች መሃል ገብቶ በአንዱ በሬ ጎን ተጠግቶ ሄደ፤ በሌላው ወገን ወጣ። የመካነ ሰላም መኪና ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ዘሎ ገባ። በመስኮቱ ሲያይ ግራጫ ጃኬቱ ከበሬዎቹ መሃል አንገቱን እያሰገገ ይፈልገው ነበር።

መካነ ሰላም ውስጥ ኒቆዲሞስ ይሉታል። ሠርግ ይቀርጻል፣ ክርስትና ይቀርጻል፣ መውሊድ ይቀርጻል። ላኪዎቹ ዘንድ፣ «ቤቱ» በሚሉት የስለላ መሥሪያ ቤት፣ ግን «ዋንዛ» ነው። ከስምንት ወር በፊት የመጣው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ማርያማዊት ትባላለች፤ ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ በመዝገቡ ላይ «ቀጋ» ተብላለች። ቪዲዮን አቅልሎ በደካማ ኔትወርክ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ሠርታለች። አንድ የውጭ ኩባንያ ይህን ሥራ ወስዶ የራሱ ብቻ አድርጎ ሊቆልፍበት እንደሚፈልግ ተሰማ። የዋንዛ ተልእኮ አጭር ነበር፦ ሥራው ከሠሪዋ እጅ እንዳይወጣ ጠብቅ። ትእዛዙን የሰጠው አለቃው «ዝግባ» ነው፤ ጋሽ ወንድዬ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መልምሎ እንደ አባት ያሳደገው ሰው።

ስቱዲዮው ደርሶ በሩን ቆለፈና ካርዷን ከፈተ።

አርባ ሰከንድ ቪዲዮ። የወረኢሉ መናኸሪያ፣ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ። ማርያማዊት ቆማለች፤ ሰማያዊ ሻሿን አስራለች። ጥቁር መነጽር ላደረገ ሰው ትንሽ ነገር ትሰጣለች። ሰውየው ይቀበላል። ከሥሩ የዝግባ መልእክት ነበር።

«ቀጋ ከገዥው ኩባንያ ጋር ተዋውላለች። ሥራዋን ገልብጥ። ዋናውን አጥፋ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወረኢሉ።»

ሦስት ጊዜ አየው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ይወዳት ነበር። በስምንት ወር ውስጥ በላከው ሪፖርት ሁሉ ይህ አንድ ነገር የለም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ማርያማዊት ከነአባቷ መጣች። አባቷ አቶ ኪዳነ ማርያም ዘነዘና የሚያክል ከዘራ ይዘው ይዞራሉ፤ ነገር ከሌለ ይፈጥራሉ።

«ኒቆ፣ የወርቄን ሠርግ ክፈትልኝ» አለችው። «ጭፈራው ይበዛል። ፕሮግራሜን የሚያስጨንቀው እንደሱ ያለ ቪዲዮ ነው።»

ከፈተላት። ሥዕሉ ላይ የእሷን መስመሮች ስታወርድበት ሠርጉ በሙሉ በአራት ማዕዘን ተከፋፈለ። ሌላው ሰው ብሎክ ይለዋል፤ እሷ መደብ ትለዋለች፤ እንደ ጎመን መደብ።

«እይ። የድንኳኑ ሸራ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አንድ ትልቅ መደብ ይበቃዋል፤ ካለፈው ሥዕል ቅዳ ብለን እንተወዋለን። የሙሽራዋ ፊት ግን ይስቃል፣ ያለቅሳል። እሱን አራት ቦታ፣ አራቱንም እንደገና አራት ቦታ። ኔትወርኩ ጥቂት ስለሆነ ጥቂቷን ነፍስ ላለው ቦታ እንሰጣለን።»

«ከእኔ ነው የሰረቀችው» አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም። «በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ቀላድ ጣይ ነበርኩ። ገመዱን በእጄ ይዤ! ግጦሹን በሰፊው፣ የጓሮውን መሬት በጠባቡ። ማንም አላማኝም።»

«ሦስት ሰው ከሶዎት የለ እንዴ፣ አባባ?»

«ሦስት ሰው ሰው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። «ግን ስማኝ ኒቆዲሞስ። ድንበር አይሞትም። ሽግሽጉ ካለፈ ስንት ዓመቱ። ዛሬም ገብሱ ሲያሸት ጉብታው ላይ ወጥተህ ብታይ የድሮው ወሰን ከአዲሱ እርሻ ሥር ይታያል። ወላሂ ይታያል!»

አቶ ኪዳነ ማርያም ቅዳሴ የማያጓድሉ ሰው ናቸው፤ ወላሂ ማለት ግን ማንም አላስተዋቸውም።

«ቪዲዮም እንዲያው ነው» አለች ማርያማዊት። «አንዴ የተቆረጠ ሥዕል ወስደህ ሌላ ሥዕል ላይ ብትለጥፈው፣ የድሮ ድንበሩን ይዞ ነው የሚመጣው። ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። ስልክህ ላይ የመስመሮቹን ማሳያ ጭኜልሃለሁ፤ አንድ ቀን ሞክረው።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዓርብ ጠዋት ወግዲ ጤና ጣቢያ እንጀምራለን። የመጀመሪያዋ ጁማና ናት።»

ጁማናን ያውቃታል። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ከማርያማዊት ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረች፣ ሳቋ ከሰፈር ሰፈር የሚሰማ ሴት። አሁን ቀኗ ደርሷል።

«አዋላጇ ልጁ ወደ ጎን የተጋደመ ይመስለኛል አለች። የሆድ ማያ ማሽኑ አለ። የሚያነበው ሐኪም ግን ደሴ ነው፤ ዶክተር ኢማድ። ቪዲዮው ከደረሰው ወዲያው ይወስናል፤ ቶሎ ትሂድ ወይም ትቆይ ይላል። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ኒቆ። ይቺን ሥዕል ብቻ።»

እንዲህ ዓይኑን እያየች ትዋሻለች?

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ የት ነበርሽ? ጥያቄው ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሚጠይቅ ሰላይ ምን እንደሚያውቅ ይናገራል። ዝግባ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማረው ይህን ነው። ዋጠው።

«ምን ሆነሃል?»

«ራሴን አሞኛል።»

«አብሽር፣ ይሻልሃል» አለችና ትከሻውን ነካ አድርጋ ሄደች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። እሱ ጄኔሬተር አለው። ማርያማዊት ሁለት ላፕቶፕ ታቅፋ መጣች፤ አንዱ የራሷ፣ ሌላው ወግዲ የሚቀረው።

«ቻርጅ አድርግልኝ። ክፍል አለኝ። ፕሮግራሙ ሦስተኛ ቅጂ የለውም፤ ትልቅ ነው፣ በዚህ ኔትወርክ የትም አይላክም። አደራ!»

«ችግር የለም።»

ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ወደራሱ ላፕቶፕ ገለበጠ። አረጋገጠ። ከሁለቱም አጠፋ።  ስትመለስ ማሽኖቹን ሳትከፍት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ወደ ወረኢሉ ተሳፈረ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተ። ሊጠላት ፈልጎ ነው። ለዚያ ጥሩ ምክንያት ያስፈልገው ነበር።

አንድ ነገር ጎረበጠው።

ማርያማዊት ዕቃውን የምትሰጠው በቀኝ እጇ ነው፤ ግራ እጇ የቀኙን ክርን ደግፏል። አንገቷንም ሰበር አድርጋለች። እንዲህ የሚሰጠው ለታላቅ ነው። ለአማት፣ ለቄስ፣ ለሼህ፣ ለእናት ጓደኛ። መናኸሪያ መሃል ተደብቆ አገር የሚሸጥ ሰው ለጥቁር መነጽር ክርኑን ደግፎ ይሰጣል?

ማሳያውን ከፈተ።

መስመሮቹ ሥዕሉ ላይ ወረዱ። መናኸሪያው ላይ ሥርዓት ባለው መልኩ ተዘረጉ። ሰማይ ትልልቅ መደብ፣ የሚጓዘው ሰው ትንንሽ መደብ። የማርያማዊት ገላ ላይ ሲደርሱ ግን ከሥር ሌሎች መስመሮች ነበሩ። ደብዘዝ ያሉ፣ ሦስት ነጥብ ወደ ግራ የሸሹ።

የድሮ ድንበር።

ማርያማዊት ወረኢሉ አልነበረችም። ከሌላ ሥዕል ተቆርጣ የተተከለች ናት። ከየት እንደተቆረጠችም ወዲያው ገባው፤ ምክንያቱም ያንን የአንገት ስብራት በካሜራው መስኮት ውስጥ ራሱ አይቶታል። የወርቄ ሠርግ። ማርያማዊት ለሙሽራዋ እናት ለወይዘሮ ዓባይነሽ ስጦታ ስትሰጥ። የቀረጸው እሱ ነው። ከሪፖርቱ ጋር አያይዞ ለዝግባ የላከውም እሱ ነው።

ስልኩ ጠራ። ማርያማዊት ናት።

«ኒቆ…» ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። «ባዶ ነው። ሁለቱም ባዶ ናቸው። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፣ የሆነ ነገር ነክቻለሁ…»

«ማርያማዊት፣ ስሚኝ…»

«ጁማና ምጥ ላይ ነበረች። አዋላጇ መኪና እንጥራ ስትል ቆይ፣ አሁን ይከፈታል፣ ዶክተሩ ይያት አልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጠበቅኳቸው። ሁለት ሰዓት! መንገድ ላይ አረፈች። ልጁም። እጄን ይዛ ነበር፣ ኒቆ። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

  መስመሩ ተቋረጠ። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ፊቱን አይተው «ምን ሰማህ የኔ ልጅ?» አሉት። ግንባሩን ከፊት ባለው ወንበር ላይ ደፍቶ አለቀሰ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሰው ፊት ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወረኢሉ ሲደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው።

ሻይ ቤቱን መረጠ። ለሰላይ ጥሩ ቦታ ማለት ግርግር ያለበት ነው። እሱ ግን ተቃራኒውን ፈለገ። ሥዕል ያልተሰቀለበት፣ መጋረጃ የሌለው፣ ነጭ ኖራ የተቀባ ግድግዳ። የማይንቀሳቀስ። ለአንድ ትልቅ መደብ የሚበቃ።

ላፕቶፑን በካሜራ ቦርሳው ውስጥ አስነስቶ የካሜራውን ዓይን በቦርሳው ቀዳዳ አስተካከለ። ስልኩ ላይ አንዲት መስመር ኔትወርክ ብቻ አለች። በዚያች መስመር ሌላ ማንኛውም ቪዲዮ አይንቀሳቀስም። የማርያማዊት ያልፋል። ከደሴው ሐኪም ሌላ ቪዲዮውን ከፍቶ ሊያነብ፣ ለሌላ ስልክም እንዲከፈት አድርጎ ሊያስተላልፍ የሚችለው አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ የራሷ ስልክ።

ይህ ማለት ሁሉንም ትሰማለች።

ጻፈላት። «የሚመጣልሽን እዪ። እየደረሰሽ ለዚህ ቁጥር አስተላልፊ። አትደውዪ።» ቁጥሩ የዝግባ የበላይ አለቃ ነው፣ አዲስ አበባ።

ዘጠኝ ሰዓት። ዝግባ ገባ። ሽበታም፣ ረጋ ያለ፣ ኮቱን በትከሻው ጣል ያደረገ። ግራጫ ጃኬቱ ደጅ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቀረ።

«አመጣህ?»

«አመጣሁ፣ ጋሼ።»

«ዋናው?»

«ጠፍቷል።»

«ጎበዝ።» ዙሪያውን ቃኘ። «ግድግዳ ሥር ምን ወሸቀህ? እንዲህ ነው ያስተማርኩህ? ና፣ ዛፉ ሥር እንሁን።»

ዛፉ ሥር ነፋስ አለ። እያንዳንዷ ቅጠል የራሷን መደብ ትጠይቃለች። ሰው ያልፋል፣ አህያ ያልፋል። ያቺ አንዲት መስመር ኔትወርክ ታንቃ ትሞታለች።

«እዚያ ያለው ሰውዬ ማክሰኞ ሲከተለኝ ነበር» አለ ዋንዛ። «እሱ በሚሰማበት አልናገርም።»

ዝግባ ሳቀ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የእኔ ሰው ነው። አብሽር።»

«ቪዲዮው በደንብ ተሠርቷል።»

«የቱ?»

«የቀጋ። ከሠርጉ የተቆረጠው።»

ዝግባ ሻዩን አማሰለ። ቀስ ብሎ። ማንኪያውን አወጣ።

«መቼ አወቅህ?»

«ካጠፋሁ በኋላ።»

«እንግዲያው ምንም አላወቅህም ማለት ነው።»

«ቤቱ ነው ያዘዘዎት?»

«ቤቱ! ሠላሳ ዓመት አገልግዬው ዛሬ ስሜን የማያውቅ ልጅ ነው ሰላም የሚለኝ። ገዥው ሰኞ ይመጣል። አንድ ቅጂ፣ አንድ ባለቤት ብሎ ነው የተዋዋለው። ለዚህ ነው ዋናው መጥፋት የነበረበት።»

«እሷን ከዳተኛ ማድረግ ለምን አስፈለገ?»

«ስለወደድካት» አለ ዝግባ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። «ስምንት ወር ስለ አንዲት ሴት ጽፈህ አንድ ቀን ቆንጆ ናት አላልክም። ያኔ አወቅሁ። የወደደ ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይፈጽምም። የተከዳ ሰው ግን በአንድ ቀን ይፈጽማል።»

እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ይላሉ። ይህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት እያሳሳቀ ወስዶታል። የሚፈልገው ቃል ሁሉ ወጥቷል፤ እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ግን ወግዲ መንገድ ላይ አንዲት ሴት «እኔ ነኝ የገደልኳት» እያለች ነው።

ፊቱን ወደ ቦርሳው አዞረ።

«ስምንት ወር የሰለልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት አደራ ብላ የሰጠችኝን ሥራ በሃያ ሁለት ደቂቃ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማርያማዊት ምንም አልነካችም። ዛሬ ጁማና ከነልጇ ሞተች። ጥፋቱ የእኔ ነው። የእሷ አይደለም።»

«ለማን ነው የምትናገረው?»

ዝግባ ቦርሳውን አየ።

ቀዳዳውን አየ።

እጁ ወደ ኮቱ ገባ።

ጠረጴዛው ላይ የዋንዛ ስልክ ተንቀጠቀጠ። የማርያማዊት መልእክት አንድ ቃል ነበር። «አስተላልፌያለሁ።» ዋንዛ ስልኩን ወደ ዝግባ አዙሮ አሳየው።

ዝግባ እጁን ሳያወጣ ቆየ። ከዚያ የራሱ ስልክ ጠራ። ቁጥሩን ሲያይ ከንፈሩ ነጣ። ሠላሳ ዓመት የሚያውቀው ቁጥር ነው። አንስቶ «አቤት» አለ። ደጅ ዛፉ ሥር ማንም አልነበረም፤ ግራጫ ጃኬቱ ጮሌ ነው፣ ነገሩ ሲገለበጥ ቀድሞ ሸትቶታል።

ዋንዛ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። መናኸሪያው ውስጥ ወደ መካነ ሰላም የሚመለስ ሹፌር አገኘና ላፕቶፑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። «ለአቶ ኪዳነ ማርያም፣ ቀላድ ጣይ በላቸው። ሁሉም ያውቃቸዋል። አደራ» ሲል ቃሉ አፉ ውስጥ መረረው።

ስልኩ ሲጠራ መኪናው ገና ከመናኸሪያው አልወጣም ነበር። አነሳ። ማርያማዊት ናት። ከኋላዋ ለቅሶ ይሰማል፤ ብዙ ሴቶች።

«ሥራሽን ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ» አለ። «ሁሉም አለበት። ምንም አልጎደለም።»

«ምንም አልጎደለም?»

መኪናው ከመናኸሪያው ሲወጣ በዓይኑ ሸኘው።

«ስምህ ማን ነው?»

«ማርያማዊት…»

«ኒቆዲሞስ እንዳልሆንክ ገብቶኛል። የጁማና እናት አጠገቤ ተቀምጠዋል። ልጄን ማን ነው የነጠቀኝ ይሉኛል። ማን ልበላቸው?»

የቤቱ ሕግ ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ አለ፦ እውነተኛ ስምህን አትስጥ፤ ለዚያ ሕግ ሲሉ የሞቱ ሰዎችን ያውቃል። መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ፣ የሚሳፈረው ሰው እየገፋው፣ ለአንዲት እናት መልስ ከመስጠት ሌላ የሚሰጠው ነገር እንደሌለው ገባው።

«አካሉ» አለ።

ስልኩን ከአፏ ስታርቅ ሰማ። «አካሉ ነው ስሙ፣ እማ።» ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።

ዝግባ በሁለተኛው ቀን ደሴ ላይ ተያዘ። ገዥው ሰኞ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በወሩ መጨረሻ ከወግዲ የተላከ ሥዕል ለዶክተር ኢማድ ደረሰ፤ እናትና ልጅ በሰላም ተለያዩ። ዋንዛ ይህን ያነበበው ቤቱ ከላከለት ሪፖርት ላይ በሁለት መስመር ነው። ሁለቱን መስመር ደጋግሞ አነበባቸው። ከዚያ ወረቀቱን አቃጠለ።

አሁን ደጎሎ አካባቢ እህል የሚደልል አንድ ሰው አለ። አዲስ መታወቂያ፣ አዲስ ስም፣ የጨርቅ ኮፍያ። ጨዋታ አያበዛም። ጭነት መኪኖቹ ሲመጡ ጆንያ ይቆጥራል፣ ሲሄዱ በአንደኛው ይሳፈራል። ከቤቱ ውጭ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ብቻ አሉ። አንደኛዋ በየሶላቷ ለአላህ ትናገረዋለች። ሌላዋ ዳግመኛ አልጠራችውም።